ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት

ባለቤቴ መጋቢ ነው። በዓመት ውስጥ ሃምሳ አንዱ ሳምንት የምእመናን ነው፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የሆስፒታል ጥየቃውም፣ የባልና ሚስት ሽምግልናውም ይጠብቀዋል። አንዲቷን ሳምንት ግን ለማንም አይሰጥም። ያቺ ሳምንት የአደን ሳምንት ናት።

ውድ አንባብያን፣ «የመጋቢ ሚስት ስለ አደን ምን አገባት?» ትሉ ይሆናል። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ለዓመታት ያልኩት ይህንኑ ነበር። የምንኖረው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ ብዙ ሐበሻ በሚገኝባት በኦሮራ ከተማ ነው። ባለቤቴን አደን ያስተማሩት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ጎረቤታችን ናቸው። በኮሎራዶ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአደን ትምህርት ወስዶ ካልተፈተነ የአደን ፈቃድ አያገኝም። ባለቤቴም በዚያ ዕድሜው ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ ተፈተነ፤ አለፈም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ ብርቱካናማ ሰደርያውን አጥፎ ሲያዘጋጅ እኔ ማጉረምረም እጀምራለሁ። «ሞቅ ያለ ቤት እያለህ ጫካ ውስጥ ምን አስተኛህ?» እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይመልስልኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት የመጨረሻዋ ልጃችን ኮሌጅ ገባች። ቤቱ ጭር አለ። የጎረቤታችን ባለቤት ይህን አይተው ኖሮ፣ «እኔ ከባለቤቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ሄጃለሁ። ዘንድሮ እርስዎም ይምጡ። አሮጌውን ተጎታች ቤታችንን እንሰጣችኋለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ለመዝናናት አልነበረም። ነገሩን በዓይኔ አይቼ፣ ከዚያ በኋላ በማስረጃ ላስቆመው ነበር።

መንገዱና አገሩ

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው ትልቁ አውራ ጎዳና ተራራውን እየወጣ ይሄድና 3,401 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው በአይዘንሃወር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ የኮሎራዶ ወንዝ አለቱን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ሸለቆ ያልፍና ራይፍል ወደምትባል ከተማ ያደርሳል። ከራይፍል ወደ ሰሜን ታጥፈን ሜከር ገባን። መንገዱ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ተጎታች ቤት ከኋላ ሲኖር ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

ሜከር ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ የተወሰደው ናታን ሜከር ከሚባል የመንግሥት ወኪል ነው። ይህ ሰው የአገሬውን የዩት ሕዝብ አደን አስትቶ ገበሬ ሊያደርግ ፈለገ። ፈረሶቻቸው የሚግጡበትን መስክ ሲያሳርስ ጠብ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 እርሱም አብረውት የነበሩ ሰዎችም ተገደሉ። ዩቶች ግን የከፈሉት ዋጋ አገራቸውን ነበር፤ በ1881 ከነቤተሰባቸው ወደ ዩታ ተባረሩ። ይህን ታሪክ ስሰማ ዝም አልኩ። ሰው ከለመደው ነገር በግድ ሲነጠል ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ከተማ ውስጥ ሆኜ፣ የባሌን አደን ላስቆም መምጣቴ ትዝ አለኝ።

ከሜከር ወደ ምሥራቅ፣ የዋይት ወንዝን ተከትሎ የሚወጣው መንገድ መጨረሻው ፍላት ቶፕስ የሚባሉት አናታቸው የተደለደለ ተራሮች ናቸው። አምባችንን ይመስላሉ። እዚያ ላይ ትራፐርስ የሚባል ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1919 አርተር ካርሃርት የተባለ የደን አገልግሎት ሠራተኛ በሐይቁ ዳር የመዝናኛ ቤቶች የሚሠሩበትን ቦታ እንዲለካ ተላከ። ቦታውን ካየ በኋላ ግን ቤት ሳይሠራበት እንዳለ ቢቀር ይሻላል ብሎ ለአለቆቹ አሳወቀ፤ ቤቶቹም ሳይሠሩ ቀሩ። በ2002 በተነሣ ቃጠሎ በዙሪያው የነበረው ደን ብዙው ነድዶ ነበር፤ ዛሬ ከግራጫዎቹ ግንዶች ሥር አዲስ ቡቃያ ይታያል።

የአደን ሰፈራችን ከሐይቁ በታች፣ በወንዙ ዳር ነው። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። «ታዲያ እንደ አገሬ ነዋ!» ብዬ ነበር። እንዳገሬ አልነበረም። ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሠራ። ሌሊቱን ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ደረሰ።

ያቺ ሌሊት

ተጎታች ቤቷ ስድስት ሜትር ያህል ርዝመት አላት። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣና ጠረጴዛ አላት። ላያት ታምራለች። እንዲህ ያሉት ቤቶች ግን ብዙዎቹ የሚሠሩት ለበጋ ነው። ግድግዳቸው ስስ ነው፤ በቆርቆሮውና በውስጡ ጣውላ መካከል ያለው መከላከያ አራት ጣት አይሞላም። መስኮቶቹ አንድ መስተዋት ናቸው። ከወለሉ በታች ደግሞ ነፋስ እንደ ልቡ ይመላለሳል።

ቤቷ የራሷ ማሞቂያ አላት። በፕሮፔን ጋዝ ይሠራል፤ የሚቃጠልበትን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱንም በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይተፋል። ደኅና ነገር ነው። ነገር ግን ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ በባትሪ ነው የሚዞረው። እኛ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ መብራቱን ሁሉ አብርተን ስንጫወት አምሽተናል፤ ባትሪው አሮጌ ነው፤ በብርድ ደግሞ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ማራገቢያው አቃሰተና ቆመ። ጋዙ ሙሉ ነው፤ ሙቀት ግን የለም።

ጎረቤታችን ለክፉ ቀን ብለው በእጅ የምትያዝ ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ ትተውልን ነበር። ይህቺኛዋ ጭስ ማውጫ የላትም። የምትቃጠለው እኛው የምንተነፍሰውን አየር ወስዳ ነው፤ የሚወጣውም ወደዚያው ወደ ክፍሉ ነው። «ይህቺን ስትለኩሱ የጣሪያውን መተንፈሻና አንዱን መስኮት ሁለት ሁለት ጣት ክፈቱ። ለኩሳችሁም እንዳትተኙ» ብለውን ነበር። ባለቤቴ ከፈተ። «ትንሽ ሞቅ ሲለን አጠፋታለሁ» ብሎ ተጋደመና ያን ቀን ሙሉ የነዳ ሰው እንቅልፍ ወሰደው።

እኔ በጣሪያው ቀዳዳ የሚወርደው ብርድ ፊቴን ቆረጠኝ። ተነሣሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። የጣሪያውን መተንፈሻ ደግሞ በትራስ ጥቅጥቅ አድርጌ ደፈንኩት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በሌላ በማንም አላላክክም።

ማሞቂያዋ በራሷ ጠፋች። ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቡ ተነሥቶ ለኮሳት። ደግማ ጠፋች። ደግሞ ለኮሳት። «ይህቺ ዕቃ ተበላሽታለች» እያለ ተኛ። በኋላ እንደተረዳነው አልተበላሸችም። በእነዚህ ማሞቂያዎች ውስጥ የክፍሉ ኦክስጅን ሲቀንስ እሳቱን የሚያጠፋ ጠባቂ አለ። ከ2,100 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያለምክንያትም ሊያጠፋት ይችላል፤ ያን ሌሊት ግን ምክንያት ነበረው። እርሷ እየነገረችን እኛ እየለኮስናት ነበር።

ሌሊት ራስ ምታት ቀሰቀሰኝ። ማቅለሽለሽም አለው። «ከፍታው ነው» ብዬ ልተኛ ስል፣ «የምን ከፍታ? እኔ የአዲስ አበባ ልጅ!» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ወዲያው እናቴ ታየችኝ። እናቴ ከሰል የምታቀጣጥለው ደጅ ነበር፤ ጢሱ አልቆ ፍም ካልሆነ ወደ ቤት አታስገባውም፤ ሳንተኛ ደግሞ መልሳ ታወጣዋለች። በሰፈራችን አንዲት ሠራተኛ ሐምሌ ላይ በርዷት ከሰል ይዛ፣ በሯን ዘግታ ተኝታ ጠዋት አልነቃችም። ፍም ቢሆንም ይገድላል ማለት ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ በየማታው «ከሰሉ ወጥቷል?» ሳትል አትተኛም ነበር።

ልነሣ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ባለቤቴን ብጠራው አልመለሰልኝም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከአልጋው ወርጄ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። ያ የጠላሁት ብርድ እንደ ውኃ ገባ። ባለቤቴን እየጎተትኩ ጮኽኩ። ሲነቃ አስታወከ። ጎረቤታችን በካልሲያቸው ሮጠው መጡ፤ በመኪናቸው ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰዱን። ኦክስጅን ሰጡን፤ ደማችንን መረመሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በማግስቱ በእግራችን ወጣን።

ጎረቤታችን አለቀሱ። በቤቷ ግድግዳ ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ነበረ። ገልብጠን ብናየው ዕድሜው ካለፈ ቆይቷል። እኛም ገልብጠን ሳናየው ነበር የተኛነው።

በሁለተኛው ዓመት

«ከእንግዲህ በቃ» ያልኩ ይመስላችኋል። ለማለት አስቤ ነበር። ባለቤቴም «ከፈለግሽ እተወዋለሁ» አለኝ። አባባሉ ግን ልቤን ነካው፤ ያለ ክርክር ነበር ያለው። «አትተወውም። ቤቷን እንሠራታለን» አልኩት። ጎረቤታችን አሮጌዋን ተጎታች ሰጡን፤ ክረምቱን በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ስንሠራት ከረምን። የሠራነውን ልንገራችሁ፤ ለአደን ባትሄዱም ለመንገድና ለካምፕ የምትወጡ አላችሁና።

መጀመሪያ የደወሉን ነገር ጨረስን። አዲስ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ገዝተን ከአልጋው አጠገብ አደረግን። እንዲህ ያለ ደወል ዕድሜው እንደ ዓይነቱ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ነው፤ ቀኑ ከጀርባው ተጽፏል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ክፍል ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃልና አፍንጫችሁን አትመኑ። የሚያፈስ ጋዝ የሚያሳውቀው ደወል ደግሞ ሌላ ነው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ የእርሱ ቦታ ከወለሉ አጠገብ ነው።

ሁለተኛ ብርዱ የሚገባበትን ፈለግን። ነፋስ በበዛበት ቀን ሻማ ይዘን በየጥጉ ዞርን። ነበልባሉ በተወዘወዘበት ሁሉ፣ ቧንቧና ሽቦ በሚገባበት፣ በበሩ ጠርዝ፣ ከአልጋው ሥር ደፈንን። ለመስኮቶቹ ፎይል የለበሰ መከላከያ በልካቸው ቆረጥን። ወለሉን ምንጣፍ አለበስነው። ሰፈር ስንደርስ ደግሞ የቤቷን ዙሪያ ከታች በወፍራም ሸራና በፎም ሰሌዳ እንደ ቀሚስ እንከብበዋለን፤ ከሥር ይገባ የነበረው ነፋስ ይቆማል። የማይደፈኑ ቀዳዳዎች ግን አሉ። የማሞቂያው አየር መሳቢያና ጭስ ማውጫ፣ በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ከውጭ ያለው መተንፈሻ፣ እነዚህን ሸራም በረዶም እንዳይሸፍናቸው ጠዋትና ማታ ዞሮ ማየት የእኔ ሥራ ሆነ።

ሦስተኛ የባትሪው ጉዳይ ነው። የማሞቂያው ማራገቢያ ሲዞር ወደ ሰባት አምፔር ይበላል። አሮጌውን ባትሪ አውጥተን ሁለት ባለ ስድስት ቮልት ወፍራም ባትሪዎች በተከታታይ አገናኘን። የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙበት ነው ዕድሜ የሚሰጣችሁ። አሁን ብዙ ሰው ሊቲየም ይገዛል፤ ቀላልና ብርቱ ነው፣ ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ኃይል ከሞሉት ይበላሻል። ጄኔሬተራችንን ቀን ላይ፣ ከቤቷ ራቅ አድርገን፣ ጭሱን ወደ ማዶ አዙረን እናስነሣለን። በናፍጣ የሚሠሩ ትናንሽ ማሞቂያዎችም በቅርብ ዓመታት ተስፋፍተዋል። የእነርሱም ጭስ በቧንቧ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ደኅና ናቸው፤ በከፍታ ላይ ግን ጥቀርሻ ይበዛባቸዋል።

አራተኛ ጋዙ። ፕሮፔን እስከ 42 ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል፤ ቡቴን ግን ገና ዜሮ አካባቢ ይለግማል። ስለዚህ ለብርድ አገር ፕሮፔን ነው። ዘጠኝ ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሲሊንደሮች አሉን። የእኛ ማሞቂያ ሳያቋርጥ ቢነድ አንዱ ሃያ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ቤቷ ከተደፈነች በኋላ ግን እሳቱ ብዙ ጊዜ ስለሚያርፍ አንዱ ሲሊንደር ሦስት ቀን ገደማ ያሰነብተናል። ምግብ የምናበስልበትን ምድጃ ለሙቀት አንለኩሰውም።

አምስተኛው እኔን የገረመኝ ነው። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። ጭስ ማውጫ የሌላት ማሞቂያ ይህን ውኃ የምትለቀው በብርድ ልብሳችሁ ላይ ነው። በዚያ ላይ ትንፋሻችን፣ የሽሮው እንፋሎት፣ የረጠበው ጫማ አለ። መስኮቱ ያልበዋል፤ ፍራሹ ከሥሩ ይረጥባል። እርጥብ ሰው ደግሞ አይሞቀውም። ስለዚህ ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ ርብራብ አደረግን፤ እናም ማሞቂያው ደኅና እየሠራ እንኳ የጣሪያው መተንፈሻ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ክፍት ነው።

ውኃውን ከቧንቧዎቹ ሁሉ አፍስሰን ለዚህ የተሠራውን ሮዝ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ሞላንባቸው። የምንጠጣውን በጀሪካን እንይዛለን፤ ቢረጋ እንዳይፈነዳም ሙሉ አንሞላውም።

የሰፈሩ ኑሮ

በሁለተኛው ዓመት ሞቆን ተኛን። ጠዋት በጨለማ ወንዶቹ ብርቱካናማቸውን ለብሰው ሲወጡ፣ እኔና የጎረቤታችን ባለቤት ቡና አፍልተን እንቀመጣለን። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሬላቸዋለሁ። እሳቸው ሽሮ ለምደዋል፤ እኔ ደግሞ ካልሲ መሥራት ለመድኩ።

ኤልክ አጋዘንን የሚመስል፣ ነገር ግን የፈረስ ያህል የሚገዝፍ እንስሳ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለው በኮሎራዶ ነው። ወንዱ 300 ኪሎ ይደርሳል። ባለቤቴ በአራተኛው ቀን አንድ መታ። ሥጋውን ከተራራው በጀርባ ማውረድ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሕጉም የሚበላውን ሥጋ ጥሎ መምጣት ይከለክላል። አየር በሚያሳልፍ ከረጢት አድርገን ከጥላ ሥር ሰቀልነው። ከቤት ልናስወጣው ያን ሁሉ የደከምንበት ብርድ፣ ውጭ ሥጋችንን ይጠብቅልን ነበር። ቋንጣ አድርጌው እስከ ፋሲካ ብዙ ቤት ደርሷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምሽቱ ነው። በዚያ ወራት ቶሎ ይጨልማል። ስልክ አይሠራም፤ የሚንኳኳ በር የለም። ባለቤቴ ሃያ ዓመት ያልነገረኝን ነገር በዚያች ጠባብ ቤት ነገረኝ። ስለ ቀበራቸው ልጆች፣ ስለታረቁና ስላልታረቁ ሰዎች፣ እርሱን ስላስቀየሙት፣ እርሱም ስላስቀየማቸው። «ለምን ቤት አልነገርከኝም?» አልኩት። «ቤት ስገባ አንቺም ደክመሽ ነው የማገኝሽ። እንዳይከብድሽ ብዬ ዋጥኩት» አለኝ። ያቺ ሳምንት ለባለቤቴ መተንፈሻው ነበረች። እኔ ደግሞ በትራስ ልደፍናት ነበር የመጣሁት።

ለእናንተ

ወገኖቼ፣ ይህን የጻፍኩት ሁላችሁም ተጎታች ቤት እንድትገዙ አይደለም። እኛ ሐበሾች በየሄድንበት ከሰል ይዘን እንሄዳለን። ለቡናው፣ ለሥጋው፣ መብራት ሲጠፋም ለብርዱ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በሲያትል አካባቢ በዐውሎ ነፋስ መብራት ጠፍቶ ሰዎች ከሰልና ጄኔሬተር ቤት አስገቡ፤ ብዙዎች ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። እሳቱ ከሰልም ይሁን ጋዝ ያው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። ደወላችሁን ገልብጣችሁ ቀኑን እዩ፤ ከሌላችሁም ግዙ። በአንድ ክፍል ያሉ ሁሉ አብረው ራሳቸውን ካመማቸውና ደጅ ሲወጡ ከቀለላቸው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ወጥታችሁ ርዳታ ጥሩ፤ ወደ ሐኪምም ሂዱ።

እኛ ዘንድሮም ልንሄድ ነው። ከመተኛታችን በፊት እኔ የምጠይቀው ጥያቄ እንደ እናቴ አንድ ብቻ ነው፤ «መተንፈሻው ክፍት ነው?» እለዋለሁ። እጁን ወደ ጣሪያው ሰድዶ በሁለት ጣቱ ይለካና፣ «ክፍት ነው፤ ተኚ» ይለኛል። ብርዱ ትንሽ ፊቴን ይነካኛል። ጋቢዬን እስከ አገጬ ስቤ እተኛለሁ።